ኮምቦልቻና ደሴ ያላችሁ ባለፋብሪካዎች፣ ይህን የአይኤስኦ አማካሪ ልጅ ያዙት

እኛ ዱቄት ፈጪዎች ነን። አባቴ ኮምቦልቻ ላይ ያቋቋመው ትንሽ ፋብሪካ አለን፤ ቢሮውን የምይዘው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የአይኤስኦ 9001 (የጥራት አሠራር ዓለም አቀፍ ደረጃ) ሰርተፍኬታችን መጣ። አባቴ መስታወት አስገብቶ ሰቀለው፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሳያየው አይወጣም። አልሀምዱሊላህ።

እዚህ እስክንደርስ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተንገላተናል። የመጀመሪያው ሰውዬ «በአንድ ወር አስጨብጣችኋለሁ» ብሎ መጣ። ስሙን አላነሳም። ግማሹን ክፍያ አስቀድሞ ተቀብሎ እንደ ትራስ የወፈረ ማንዋል አመጣልን። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ሳነበው ገጽ 14 ላይ «ቆዳው ከመነከሩ በፊት» ይላል። ቆዳ! እኛ ስንዴ ነው የምንፈጨው። ስንደውልለት ስልኩ አይነሳም። ሁለተኛው ደግሞ «እኔው አማክሬ እኔው ሰርተፍኬቱን እሰጣችኋለሁ» አለን። አባቴ አንድ ሰው አንድ ክፍያ ብሎ ደስ አለው፣ ከፈልን፣ እሱም በዚያው ቀረ።

ይህን የደሴ ልጅ ያገኘነው በአክስቴ ባል በኩል ነው። ገና ሳይቀመጥ «እኔ ሰርተፍኬት አልሰጥም፤ አማካሪውና መርማሪው አንድ ሰው ከሆነ ምርመራ አይባልም» አለ። የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትም ይሁን ሌላ፣ መርማሪውን ራሳችን እንድንመርጥ፣ ከመክፈላችን በፊትም አክሪዲቴሽን (ሰርተፍኬት ለመስጠት ብቃቱ የተረጋገጠበት ዕውቅና) እንዳለው እንድንጠይቅ ነገረን። ያንን ትራስ ሳሳየው ፈገግ ብሎ «እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የደረጃው እትም እኮ ማንዋል የሚባለው ግዴታ አይደለም» አለኝ። ያ ሁሉ ብር ታየኝ።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። ሚዛን ላይ የሚሠሩ፣ ከአባቴ ጋር የጀመሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም። መርማሪ ሊመጣ ነው ሲባል ከሥራ ሊያስወጧቸው መስሏቸው እንቅልፍ አጥተው ነበር። ልጁ አጠገባቸው ጆንያ ላይ ተቀመጠና «ጋሼ፣ ሚዛኑ ሲዋሽ አንቱ በምን ያውቁታል?» አላቸው። ዝም አሉ። ቆይተው ከሚዛኑ ኋላ እጃቸውን ሰደዱና አንድ አሮጌ የወፍጮ ብረት አወጡ። ለካ በየማለዳው መጀመሪያ እሱን ነው የሚመዝኑት! እንደ ትናንቱ ከመጣ ሥራ ይጀመራል፣ ካልመጣ ሚዛኑ ይታያል። እኔ አሥር ሜትር ርቄ ተቀምጬ ይህን አላውቅም። ልጁ ተነሥቶ ትከሻቸውን ሳመና «ደረጃው የሚጠይቀውን አንቱ ሲያደርጉት ኖረዋል፤ የዘገየነው እኛ ነን» አላቸው። ወላሂ፣ ዕንባዬ መጣ።

ከዚያ ሚዛኑን የምንፈትሽበት፣ ልክነቱ የተረጋገጠ ባለ 20 ኪሎ የሚዛን ድንጋይ አስገዛን። መመዝገቢያውንም ለእሳቸው ብሎ በምልክት ሠራው፤ ልክ ከሆነ ክብ፣ ካልሆነ ሰረዝ። የምርመራው ቀን መርማሪዋ ሚዛኑ ጋ ስትደርስ ጋሼ እስክትጠይቃቸው አልጠበቁም፣ ብረቱን አንሥተው ማስረዳት ጀመሩ። መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ጥቃቅን ጉድለት ተገኘብን፣ አስተካክለን ላክን፣ አለቀ።

ስለ ክላውዙና ስለ ሪስኩ አትጠይቁኝ፣ ዛሬም አልገባኝም። የማውቀው «ባለ 50 ኪሎው ጎደለ» እያለ ከወልዲያ ይጮህብን የነበረው ነጋዴ ድምፁ መጥፋቱን ነው። ሰርተፍኬቱ ለ3 ዓመት ነው፣ በየዓመቱ ግን እየመጡ ያያሉ። ልጁም «ሰቅላችሁ እንዳትተኙ» ብሎናል። ሥራው ካለቀ በኋላ እንኳ ሁለቴ መጥቶ ጠይቆናል፤ የተቀበለው ነገር ቢኖር ከእናቴ እጅ ቡና እስከ በረካው ነው።

ሳሙና የምትሠሩ፣ ዘይት የምትጨምቁ፣ ብሎኬት የምታመርቱ፣ እንደኛ ገንዘባችሁ ሳይበላ በፊት እሱን አናግሩት። ደግሜ እላለሁ፣ አናግሩት። ስልኩን በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ። ለእኔ የምትደውሉ ግን ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት ወፍጮው ስለሚጮህ አንሰማማም።