ለትዳር አማካሪያችን ምስጋና፣ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ይህን የምለጥፈው ባለቤቴ አንብቦት፣ እሺ ብሎኝ ነው። የትዳር አማካሪ የምትፈልጉ ካላችሁ ቦሌ አካባቢ የሚሠሩ አንዲት ባለሙያ ልጠቁማችሁ።

እኛ ቤት ጠብ አልነበረም። ችግሩ መኝታ ቤት ነው። ባለቤቴ ረቡዕና አርብን፣ የሁዳዴንም 55 ቀን ከምግቡም ከአልጋውም ይጾማል። እኔ የማውቀው የምግቡን ነው። ስለ ሌላው ቤታችን ማን ያወራል? ነውር ነዋ! ስለዚህ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር እኔ የገባኝ «አስጠላሁት» የሚል ነው። እሱ ደግሞ ስጠጋው የምፈትነው ይመስለዋል። ፋሲካ ሲመጣ እሱ ጾሙን ይፈታል፣ እኔ ኩርፊያዬን አልፈታም።

አማካሪያችን በዕድሜ እናቴን ያክላሉ። ከእሳቸው ጋር ስለዚህ ማውራት ጨንቆኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ሐኪም ነው የሚጠይቁት። መጀመሪያ የምንወስደውን መድኃኒት ጠየቁን፤ ለካ አንዳንድ የደም ግፊትና የድብርት መድኃኒት ፍላጎት ይቀንሳል። በጾሙ ማን ልክ እንደሆነ አልፈረዱም፤ «እሱን ለንስሐ አባታችሁ» አሉን። የጠየቁን መቀራረብ ለእያንዳንዳችን ምን እንደሆነ ነው። ለባለቤቴ ሰላም ከሆንን በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። እኔ ደግሞ ሰላም መሆናችንን የማውቀው በመቀራረቡ ነው። ይህን ሳንነጋገር ስንት ዓመት ኖርን!

ጾሙ አልቀረም። ግን አሁን ሳይገባ በፊት እንነጋገራለን፣ እጄን ይዞ ይተኛል። ስላልተናቅሁ አላኮርፍም። የሚገርመው፣ እሱን ማየት እንደገና ደስ ይለኝ ጀመር።

«ፍላጎቴ ሞቷል» ስላቸው ደግሞ ሮዝሜሪ ባሰን የተባሉ የካናዳ ሐኪም በ2000 እ.ኤ.አ. ያቀረቡትን ሐሳብ አስረዱኝ። ብዙ ሴቶች ላይ ፍላጎት ቀድሞ ላይመጣ፣ መቀራረቡ ከተጀመረ በኋላ ሊከተል ይችላል። «ሳትፈልጊ እሺ በይ ማለት ግን አይደለም» አሉ፣ ባለቤቴን እያዩ። ወደድኳቸው።

ዋጋቸው ርካሽ አይደለም፣ ቀጠሮም ይቆያል። ዱላ ካለበት ቤት ባልና ሚስትን አንድ ላይ አያስቀምጡም፤ ለየብቻ ነው የሚያነጋግሩት፣ ይህን ቀድማችሁ እወቁ። ስልካቸውን እዚህ አልጽፍም። የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።