ካያኩ ጣራ ላይ፣ ዝናቡ ትራስ ላይ

በጅማ አዲስ አበባ መስመር ሚኒባስ የነዳሁት አሥራ አንድ ዓመት ነው። ጣራ ላይ ያልጫንኩት የለም። ቡና በጆንያ፣ ፍየል፣ የጅማ በርጩማ ደርዘን በደርዘን፣ አንዴ ደግሞ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን። ስለዚህ ሁለት ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ታንኳ፣ ምን ያቅተኛል አልኩ። አቃተኝ።

መኪናዋ ስታረጅ ከሥራ አወጣኋትና ወንበሮቿን ነቅዬ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና ሁለት የውሃ ጀሪካን አስገባሁባት። ፈረንጅ ሞተርሆም የሚለው ነገር የድሃ ዘመድ መሆኗ ነው። ባለቤቴ "ጎጆዋ" ትላታለች። ካያኮቹን ከአገር ከሚወጣ ሰው አዲስ አበባ ላይ ገዛናቸው። ደረቅ ፕላስቲክ ናቸው፤ አንዱ 3 ሜትር ይረዝማል፣ 22 ኪሎ ይመዝናል። ውስጥ እንዳላስገባቸው አልጋው አለ። የሚቀረው ጣራ ነው።

አሮጌው ፖርቶመጋላ ለጆንያ እንጂ ለካያክ አይሆንም። ጆንያ የትም ብታስቀምጠው ይተኛል። ካያክ ግን ሆዱ ክብ ነው፤ ይንከባለላል፣ ይንሸራተታል፣ ነፋስም ይይዛል። ስለዚህ በር የሠራልኝ አንድ በያጅ ጋ ሄድኩ። ለካያክ የሚሆን ሌላ ፖርቶመጋላ እንዲሠራልኝ በ14,500 ብር ከነቀለሙ ተስማማን። በአራት ቀን ይደርሳል አለኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሰ። በየቀኑ "ጋሼ፣ ነገ ይምጡ" ነው። ይህንን አልቆጥርበትም፤ መብራት ሲሄድ በምን ይበይድ?

መጀመሪያ ጥሩውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጥሩው በጣም ጥሩ ነው። በያጁ ካያክ አይቶ አያውቅም። እንዲያየው አንዱን ወሰድኩለት። ዞረው፣ አንኳኳው፣ አንድ ጫፉን አነሳና አስቀመጠ። ከዚያ "ይህን ብቻዎን እንዴት ያነሱታል?" አለኝ። አላሰብኩበትም ነበር። የኋላውን አግዳሚ ከክብ ብረት ሠራውና በላዩ ላይ የውሃ መስመር የሚዘረጋበትን ፕላስቲክ ቱቦ አጠለቀበት። ቱቦው ብረቱ ላይ ይሽከረከራል። አሁን የካያኩን አፍንጫ ከመኪናው ኋላ ቱቦው ላይ አስደግፋለሁ፣ ጭራውን አነሳለሁ፣ እገፋለሁ። ጉርርር ብሎ እስከ ፊት ይሄዳል። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ወገቤም እንደ ድሮው አይደለም፤ ግን ሁለቱንም ብቻዬን በአሥር ደቂቃ እጭናለሁ። ለዚህች ቱቦ ብቻ ብሩ ይገባዋል።

ሌሎቹን አግዳሚዎች ሁለቱን ከቱቦላሬ ሠርቶ የጎማ ላስቲክ ጠቀለለባቸው። ላስቲኩም ጥሩ ነው፤ ፕላስቲኩን አይፍቅም፣ አያንሸራትትም።

አሁን ወደ ክፉው። የፖርቶመጋላውን እግሮች ሲያስር እኔ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ጣራዬን በአራት ቦታ በስቶ በብሎን አስሮታል! ሲሊኮን ቀባብቶበት "ጠብታ አይገባም ጋሼ" አለኝ። የጅማን ዝናብ የማያውቅ ሰው ቢለው ይገባኛል። እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። "አንተ፣ ትራሴ ረጥቧል" አለች። መብራት አበራሁ። ከግራ በኩል ካለው ብሎን ጠብ፣ ትንሽ ቆይቶ ጠብ። ድስት አስቀመጥንበት። እስኪነጋ ድስቱ ሲጮህ አደረ።

መኪናዋን ለበያጁ መለስኩለት። አልተከራከረም፤ ያም ደግ ነው። የጣራው ጠርዝ ላይ ዝናብ የሚወርድበት ቦይ አለ፤ እንደ ሞርሳ ያንን የሚነክስ እግር ሠራልኝ። ቀዳዳዎቹንም በብየዳ ደፈነ። ግማሽ ዋጋ ጠየቀኝ። እኔ ሩቡን ሰጠሁት፣ ሁለታችንም አኮረፍን፣ ከዚያ ቡና ጠጣን።

ለሙከራ ቅርቡ ውሃ ቦዬ ነበር። ጉማሬ ያለበት ረግረግ ውስጥ በፕላስቲክ ጀልባ ልግባ ብል ባለቤቴ ከዚያ በፊት ትፈታኛለች። ወንጪ ይሻላል አልን፤ በወሊሶ በኩል።

መንገድ ላይ የተማርኩትን በያጁ ሊነግረኝ አይችልም ነበር። ሰርቦን ሳናልፍ ጣራው ማጉረምረም ጀመረ። እንደ ተርብ መንጋ ነው ድምፁ፤ ፍጥነት ስጨምር ይብሳል። ካምቢዮ የሄደ መስሎኝ ቆምኩ። ለካ ካያኮቹን ያሰርኩበት ቀበቶ ነው። ጠፍጣፋ ቀበቶ ነፋስ ሲመታው ይንቀጠቀጣል። አንዴ ጠምዘዝ አድርጌ መልሼ አሰርኩት፣ ዝም አለ። ጨዋታው ይኸው ነው፤ አንድ ጥምዝ።

ሁለተኛው ስህተት የኔው ነው። ቀበቶዎቹን የገዛሁት ለከባድ መኪና ጭነት ከሚሸጡት ነው፤ እጀታውን እያንኳኳህ የምታጠብቃቸው። የሾፌር ልማድ ሆኖብኝ እስኪጮህ ድረስ አጠበቅሁ። የጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ወልቂጤ ቆመን ሳየው የአንዱ ሆድ የሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ጎድጉዷል። ደነገጥኩ። ቀበቶውን ፈትቼ ፀሐይ ላይ አስተኛሁትና ምሳ በላን። ክትፎው እስኪያልቅ አብዛኛው ተመልሶ ነበር። ምልክቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። አሁን በእጅ ስበው የሚያስሩትን፣ ጥርስ ባለው ቁልፍ የሚይዘውን ቀበቶ ነው የምጠቀመው። በእጅህ ስበህ ካልተነቃነቀ በቃ። በተጨማሪ ፊትና ኋላውን በገመድ ከመኪናው መጎተቻ ቀለበት ጋር አስራለሁ። የፊቱን ገመድ አትተዉት፤ ከፊት የሚመጣ ሲኖትራክ በአጠገባችሁ ሲያልፍ የሚያነሳውን ነፋስ ያኔ ታዩታላችሁ።

ደግሞ ደፍታችሁ ጫኑ። በመጀመሪያው ቀን ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርጌ ነበር። ሰኮሩ ላይ ዝናብ ያዘን። መኪናዋ ጥምዝ ላይ ወዲህ ወዲያ ስትል ምን ሆና ነው እላለሁ። ጣራ ላይ ሁለት ገንዳ ውሃ ተሸክመን ነበር።

ገንዳ ካልኩ አይቀር፣ ኬላ ላይ አንዱ ጠባቂ "ፋዘር፣ ይሄ የቡና ማጠቢያ ነው?" አለኝ። ሌላው የሬሳ ሳጥን ነው ብሎ ተከራከረው። ታንኳ ነው ብዬ ገላገልኳቸው። "ከፕላስቲክ?" ብሎ ሳቀ፣ አለፍን።

ቁመታችሁን እወቁ። ጎጆዋ ባዶዋን 2 ሜትር አካባቢ ናት፤ አሁን 2 ሜትር ከ60 ሆናለች። ወሊሶ አንድ ሆቴል በር ላይ የተጋደመች ብረት አለች። ዘበኛው "ግባ፣ ግባ" ይለኛል፣ እኔም በአሥራ አንድ ዓመት ልማዴ እገባለሁ። ባለቤቴ ጮኸች። አንድ ጣት ነበር የቀረው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን በካርቶን ጽፌ መሪው አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

በአየር የሚነፋውን ካያክ ያየ ወዳጄ ለምን ትደክማለህ ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይገባል፣ ፖርቶመጋላም ብየዳም አይፈልግም። ቦታ ለሌለው ሰው እሱን ነው የምመክረው። እኔ ግን ውሃው ዳር ከደረስኩ በኋላ ሃያ ደቂቃ ፓምፕ ስረግጥ መታየት አልፈልግም። የግራር እሾህም አለ።

ወንጪ ላይ ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ነበር። ብርዱ ግን ጣት ይቆርጣል። ወደ ቂርቆስ ደሴት አቅጣጫ ጥቂት ቀዝፈን ተመለስን፤ ባለቤቴ በመቅዘፍ ከኔ ትበልጣለች፣ ልትነግራችሁ ስለማይቀር እኔ ልቅደም። ቀጥሎ ሃላላ ኬላ ነን፣ በጭዳ በኩል።

በያጁ ጋ ድጋሚ እሄዳለሁ? እሄዳለሁ፤ ለካያኮቹ የጎን መደገፊያ ይሠራልኛል። ድሪሉን ሲያነሳ ግን ሻይ ልጠጣ አልወጣም።