ለጎበዝ ተማሪ፦ ብዙ ጥያቄ ወይስ ከባድ ጥያቄ?

ፈጣን ተማሪ የክፍል ሥራውን ከሁሉም ቀድሞ ይጨርሳል። መምህሩ ሁለት ምርጫ አለው፤ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን መጨመር ወይም አንድ የሚያታግል ጥያቄ መስጠት።

መጨመሩ ቀላል ነው። ዝግጅት አይፈልግም፣ ክፍሉም ጸጥ ይላል። ግን ልጁ የሚያውቀውን ይደግማል እንጂ አይፈተንም። ቶሎ መጨረስ እንደሚያስቀጣም ይገባዋል። ከዚያ ሆን ብሎ ይዘገያል።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነገር ያመጣል። ሁሌ የሚሳካለት ልጅ ድንገት መንገዱ ሲጠፋበት ይደነግጣል። ወረቀቱን ይገፋል፣ «ይሄ ጥያቄ ራሱ ስህተት ነው» ይላል፣ አንዳንዱም ያለቅሳል። ጽናት የሚለመደው እዚህ ጋ ነው። መምህሩ ታዲያ አዝኖለት መልሱን እንዳያቀብለው! «እስካሁን ምን ሞከርክ? ቁጥሮቹን ብታሳንሳቸውስ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ጥያቄው ከልጁ አቅም ትንሽ ብቻ ከፍ ይበል፤ በጣም ከራቀ ተስፋ ያስቆርጣል። ማርክም ባይያዝበት ጥሩ ነው። ሁሌ ደፍኖ የለመደ ልጅ ነጥብ ላለማጣት ሲል ሙከራውን ይሸሻል።

አመሰጋገኑም ለውጥ ያመጣል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለር እና ካሮል ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑ የ5ኛ ክፍል ልጆች ሳይሳካላቸው ሲቀር፣ በጥረታቸው ከተመሰገኑት ያነሰ ጽናት አሳይተዋል።

እኔ ከባዱን ጥያቄ እመርጣለሁ። በእርግጥ በጥድፊያ የሚሳሳት ልጅ ተጨማሪ ልምምድ ያስፈልገዋል። ጥርት አድርጎ ለሚሠራው ግን ድግግሞሹን ቀንሱለትና ጊዜውን ለሚያታግለው ጥያቄ ያውለው።