የፖሊመር ምህንድስና ዶክትሬት፦ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት ላብራቶሪው ይታይ

በፖሊመር (እንደ ፕላስቲክና ጎማ በረጃጅም ሰንሰለታማ ሞለኪውሎች በተሠሩ ቁሶች) እና በፕላስቲክ ምህንድስና ዶክትሬት ለመማር የሚያስቡ ወጣት መሐንዲሶች ዘወትር የሚጠይቁኝ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» የሚለውን ነው። ይህን ትምህርት አሜሪካ ውስጥ ተምሬ ስላጠናቀቅሁ፣ ሰው ዕድሜውንና ጉልበቱን ከፍሎ የሚያገኘውን ማንኛውንም አገልግሎት በሚመዝንበት ዓይን ዲግሪውን ልመዝነው እፈልጋለሁ። የተማርኩበትን ተቋም በስም አልጠራም፤ የምለው ነገር ከአንድ ግቢ የሰፋ ነውና። ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ ዲግሪው ሊደከምለት የሚገባ ነው፤ ጥቅሙን የሚወስነው ግን ከዩኒቨርሲቲው ዝና ይልቅ ተማሪው የሚገባበት ላብራቶሪና የሚመርጠው አማካሪ ነው።

በመጀመሪያ፣ «ፖሊመር» የሚል ስም የያዙ ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ ዓይነት ትምህርት እንደማይሰጡ መታወቅ አለበት። በኦሃዮ የሚገኘው የአክረን ዩኒቨርሲቲ ያደገው በጎማ ከተማ ውስጥ ነው፤ ጉድሪች፣ ጉድይርና ፋየርስቶን የገነኑት እዚያ ሲሆን ጉድይር ዛሬም ዋና መሥሪያ ቤቱ አክረን ነው። ስለ ጎማ ባሕርይ፣ ስለ ቩልካናይዜሽን (ጎማን በድኝና በሙቀት ስለማጠንከር) እና ስለ ሰንሰለታማ ሞለኪውሎች ጠለቅ ብሎ ማጥናት ለሚፈልግ ሰው ይህ ታሪክ ትርጉም አለው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ደግሞ ብዙ አመልካች የሚያምታታቸው ሁለት ግቢዎች አሉ። አምኸርስት ያለው የፖሊመር ሳይንስና ምህንድስና ክፍል ወደ ኬሚስትሪውና ወደ ፊዚክሱ ያዘነብላል፤ ሎውል ያለው የፕላስቲክ ምህንድስና ክፍል ግን የማምረቻ ቤት መንፈስ አለው። የሎውል ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1895 የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ቤት ሆኖ ተጀምሮ፣ በ1954 የፕላስቲክ ምህንድስናን ማስተማር የጀመረ ነው፤ የትኩረቱም ማዕከል ኤክስትሩዥን (ፕላስቲክን አቅልጦ በቀዳዳ ገፍቶ ማውጣት)፣ ኢንጀክሽን ሞልዲንግ (አቅልጦ ሻጋታ ውስጥ በግፊት ማስገባት)፣ የሻጋታ ንድፍና ሌሎች የማምረቻ ዘዴዎች ናቸው። ሁለቱም የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ስለሆኑ ብቻ ለሁለቱም አንድ ዓይነት የማመልከቻ ደብዳቤ መላክ ከንቱ ድካም ነው። አዲስ ሞለኪውል መሥራት የሚፈልግ ሰው ሎውል ቢገባ፣ ፋብሪካ ማቋቋም የሚያስብ ሰው ደግሞ አምኸርስት ቢገባ፣ ሁለቱም ጎበዝ ተማሪዎች ሆነው ሳለ ዓመታቱ ይረዝሙባቸዋል። ወደ አውሮፓ ለሚያማትር፣ በጀርመን አኽን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው የፕላስቲክ ማቀነባበሪያ ተቋም ከኢንዱስትሪው ጋር ባለው ትስስር ይታወቃል፤ በጀርመን የምህንድስና ዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝተኛ የተቋሙ ሠራተኛ ሲሆን፣ ከመግባቱ በፊት የማስተርስ ዲግሪ እንዲኖረው ይጠበቃል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአሜሪካ በዚህ ዘርፍ የሙሉ ጊዜ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ከኪሱ ክፍያ አይፈጽምም፤ የምርምር ወይም የማስተማር ረዳት ሆኖ ሲሠራ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ ለኑሮም አበል ይሰጠዋል። አበሉ ለአንድ ሰው በቁጠባ ያኖራል፤ ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ጠባብ ነው። ኤፍ-1 የተባለው የተማሪ ቪዛ ያለው የውጭ ተማሪ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት ስለማይፈቀድለት፣ ጎደሎውን በትርፍ ሥራ እሞላለሁ ብሎ ማቀድ አይቻልም። ያለ ድጋፍ «በራስህ ገንዘብ ጀምር፣ በኋላ ይታያል» የሚል የተቀባይነት ደብዳቤ ለዶክትሬት ከመጣ፣ ምክሬ አለመቀበል ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዚህ ዲግሪ እውነተኛ ሀብት ያለው ማሽኑ አጠገብ ነው። ለምሳሌ ከበቆሎ ስኳር የሚሠራውን ፖሊላክቲክ አሲድ የተባለ ፕላስቲክ ከተፈጥሮ ቃጫ ጋር ለመቀላቀል ባለ መንታ ስክሪው ኤክስትሩደር (አቅልጦ በሁለት ጠመዝማዛ ዘንጎች የሚገፋ ማሽን) ፊት የቆመ ተማሪ፣ የፕላስቲኩን ፍሬ በደንብ ሳያደርቅ ማሽኑ ውስጥ ቢጨምረው ምን እንደሚሆን በዓይኑ ያያል። ፕላስቲኩ በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲቀልጥ በውስጡ የቀረችው ጥቂት እርጥበት ሰንሰለቶቹን ትቆራርጣቸዋለች፤ የሞተሩ ጉልበት ንባብ ይወርዳል፣ ከማሽኑ አፍ የሚወጣው የፕላስቲክ ክር ይቀጥናል፣ አረፋ ያወጣል፣ ወደ ውኃው ገንዳ ሳይደርስም ይበጠሳል። ክሩን በጓንት ይዞ እንደገና በገንዳው ውስጥ አሳልፎ መቁረጫው ላይ ማስገባት፣ የማሽኑን ድምፅ ሰምቶ ችግሩ ከማድረቂያው ይሁን ከሙቀቱ መለየት በንግግር ብቻ የሚተላለፍ ዕውቀት አይደለም። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ሽታውዲንገር እ.ኤ.አ. በ1920 ፕላስቲክን የመሰሉ ቁሶች በረጃጅም ሰንሰለቶች የተሠሩ ናቸው ብሎ ሲጽፍ ብዙ ኬሚስቶች አልተቀበሉትም ነበር፤ የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በ1953 ነው። ያ ሁሉ ክርክር የተነሣበት የሰንሰለት ርዝመት፣ ክሩ ሲበጠስ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ይሆናል።

ከትምህርቶቹ ሁሉ ደግሞ ሪዮሎጂን፣ ማለትም የቀለጠ ፕላስቲክ እንዴት እንደሚፈስ የሚያጠናውን ክፍል፣ ከማንኛውም ኮርስ አስበልጣለሁ። ፋብሪካዎች ፌስታልና ጀሪካን የሚሠራበትን ፖሊኤቲሊን የተባለ ፕላስቲክ የሚገዙት ብዙውን ጊዜ «ሜልት ኢንዴክስ» በሚባል አንድ ቁጥር ነው፤ ይህም በ190 ዲግሪ ሴልሺየስ በ2.16 ኪሎግራም ጭነት በ10 ደቂቃ ውስጥ በጠባብ ቀዳዳ የሚወጣው የፕላስቲክ ግራም ነው። ቁጥሩ ግን ፕላስቲኩን በዝግታ ሲፈስ ብቻ ነው የሚለካው። አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት ፕላስቲኮች የሰንሰለቶቻቸው ርዝመት ስርጭትና ቅርንጫፍ ከተለያየ፣ አንዱ ጀሪካን በሚነፋበት ማሽን ላይ ቀልጦ ሲወርድ ቅርጹን ይዞ ሲንጠለጠል ሌላው በራሱ ክብደት ይዘረገፋል። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበውን ያረጀ ጀሪካን መልሶ የሚያቀልጥ አምራች ይህን ልዩነት ካላወቀ ኪሳራውን በሙሉ በማሽኑና በሠራተኛው ያሳብባል። ጥሬው ፕላስቲክ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር፣ እንዲህ ያለውን ምርመራ የሚያውቅ ባለሙያ ያለው ፋይዳ ከፍተኛ ነው።

ድክመቱንም መናገር ይገባል። በተማርኩበት ላብራቶሪ ለኤክስትሩደሩ የነበረው ወረፋ ረጅም ነበር፤ ኩባንያዎች ለከፈሉበት ፕሮጀክት ቅድሚያ ስለሚሰጥ የተማሪው የራሱ ጥናት ወደ ኋላ ይቀራል። ከፍተኛ ግፊት ባለበት ፍሰትን የሚለካው መሣሪያ ሲበላሽ መለዋወጫው እስኪመጣ ድረስ የጥናቱ አንድ ምዕራፍ እንዳለ ቆሟል። ኩባንያ የሚደግፈው ጥናት ሌላም ጣጣ አለው፤ ውጤቱ በምስጢራዊነት ውል ስለሚታሰር ጽሑፍ ማሳተም ይዘገያል፣ ተማሪው ሥራ ሲያመለክት የሚያሳየው ነገር ያጣል። ይህ የአንድ ቦታ ብቻ ችግር አይደለም፤ ኢንዱስትሪ በሚቀርብበት የምርምር ክፍል ሁሉ ሊያጋጥም ይችላል፤ ስለዚህም ከመፈረም በፊት መጠየቅ የተማሪው መብት ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን የአማካሪው ጉዳይ ነው። የምርምር ገንዘቡም፣ የማሽኑ ፈቃድም፣ የድጋፍ ደብዳቤውም በአንድ ሰው እጅ ሲሆኑ፣ ያ ሰው ዩኒቨርሲቲ ቢቀይር ወይም ገንዘቡ ቢያልቅ የተማሪው ዓመታት አብረው ይናወጣሉ።

ዲግሪው ከተገኘ በኋላ በአሜሪካ ለውጭ ተማሪ የሚሰጠው የሥራ ልምምድ ፈቃድ 12 ወር ሲሆን፣ ለሳይንስና ለምህንድስና ምሩቃን በ24 ወር ሊራዘም ይችላል። የሕክምና መገልገያ፣ የመኪና ክፍል፣ የማሸጊያና የኤሌክትሪክ ገመድ አምራቾች እንዲህ ዓይነት ምሩቃን ይቀጥራሉ። ለኢትዮጵያ ያለው ጥቅም ደግሞ በግሌ በጣም የሚያሳስበኝ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ «የሚበሰብስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ምትክ ወደ ገበያ መግባቱ አይቀርም። ከላይ የጠቀስኩት ፖሊላክቲክ አሲድ በወጉ የሚበሰብሰው 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት ባለው የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ማዘጋጃ ውስጥ እንጂ መንገድ ዳር ተጥሎ አይደለም፤ ይህን በመሣሪያ መርምሮ የሚመሰክር ባለሙያ ያስፈልጋል። የእንሰት ቃጫን ከፕላስቲክ ጋር አዋሕዶ ጠንካራ ቁስ መሥራት፣ በየመንገዱ የሚጣለውን ሃይላንድ ክዳኑን ለይቶ፣ ከፒቪሲ (ለቧንቧ ከሚውለው ፕላስቲክ) አጥርቶ መልሶ ለምርት ማብቃት፣ እነዚህ ሁሉ የዶክትሬት ጥናት የሚመጥኑ ጥያቄዎች ናቸው። ፒቪሲ ሳይለይ ከሃይላንዱ ጋር ከቀለጠ አሲድ አውጥቶ ሙሉውን ምርት ስለሚያበላሽ፣ የመለየቱ ሥራ ብቻውን ብዙ ምርምር ይጠይቃል።

ስለዚህ ማሽን መንካት ለሚወድ፣ ሒሳቡንና የፍሰት መካኒክሱን ለማይሸሽ፣ አንድ ናሙና አሥር ጊዜ ለመድገም ትዕግሥት ላለው ሰው ይህን ዲግሪ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ማዕረጉን ብቻ ለሚፈልግ ሰው አልመክርም፤ በማስተርስ ዲግሪ ፋብሪካ መግባት ለእርሱ የተሻለ መንገድ ነው። ለማመልከት የወሰነ ሰው ለፕሮፌሰሩ ከመጻፉ በፊት በዚያው ላብራቶሪ ካሉ ተማሪዎች ለአንዱ ይጻፍና አራት ነገር ይጠይቅ፦ ኤክስትሩደሩን ማን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ይጠቀምበታል? ማሽን ሲበላሽ የሚጠግን ቋሚ ቴክኒሻን አለ? ባለፉት ዓመታት የተመረቁት በስንት ዓመት ጨረሱ፣ አሁንስ የት ናቸው? የጥናቱ ገንዘብ ከየት ይመጣል፣ የሚያበቃውስ መቼ ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ቀጥተኛ መልስ የሚሰጥ ላብራቶሪ ስሙ ብዙም ባይታወቅ እንኳ፣ መልሱን ከሚያድበሰብሰው ዝነኛ ላብራቶሪ አስቀድሜ እመርጠዋለሁ።