የራሳችሁን ሥራ ልትጀምሩ ከሆነ ወደዚህች መምህርት ሂዱ

ይህን ጻፊ ያለኝ የለም። ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው። የራሳችሁን ሥራ ለመጀመር የምታስቡ እባካችሁ አንብቡት።

"የሥራ ፈጠራ ሥልጠና" የሚባል ነገር ስሰማ ያንገፈግፈኝ ነበር። ምክንያት አለኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ፕሮጀክተር ላይ አፍጥጠን እንውላለን። አሠልጣኙ ስለራሱ ስኬት ያወራል። "ህልማችሁን አትልቀቁ" ይለናል፤ እናጨበጭባለን። ባለቀለም ወረቀት ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፤ ማታ ተጠርጎ ይጣላል። ሰርተፍኬት፣ ፎቶ፣ ቻው! አንዱማ ሐሳቤን ሳይጨርስ "ይሄ አያዋጣም" ብሎኝ ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈ። ያን ቀን እንዴት እንደከፋኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ይህችኛዋ ሌላ ናት። የምታስተምረው ዲዛይን ቲንኪንግ ይባላል። አምስት ደረጃዎች አሉት፤ ቅደም ተከተላቸው ዛሬም ይምታታብኛል፣ እሱን እሷ ታስረዳችሁ። እኔ የገባኝ፣ መፍትሔ ከማሰብ በፊት ችግሩ ያለበትን ሰው ሄዶ መስማት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ርካሽ የሕፃናት ማሞቂያ ማሽን ሥሩ ተባሉ። ኔፓል ሲሄዱ ግን ያለጊዜያቸው የተወለዱ ብዙ ሕፃናት ሆስፒታል እንኳ እንደማይደርሱ አዩ። ማሽኑን ትተው መብራት በማያስተማምንበት መንደር የሚያገለግል ማሞቂያ ከረጢት ሠሩ። ይህን ስትነግረን ነው ነገሩ የበራልኝ።

እኔ ሰው ፊት ድምፄ የሚጠፋ ሰው ነኝ። በቡድን ውይይት ላይ ሁለት ሰዎች ወሬውን ጠቅልለው ይዘውት፣ እኔ ጥግ ቁጭ ብያለሁ። አየችኝ። ስሜን ጠርታ አላሳቀቀችኝም። "አሁን ሁላችንም ዝም እንበል። ሐሳባችሁን ጻፉት ወይ ሳሉት፤ ስም እንዳትጽፉ" አለች። ወረቀቶቹ ተለጠፉ። ሁሉም እየዞረ የወደደው ላይ ምልክት አደረገ። ብዙ ምልክት ያገኘው የእኔ ነበር። ቀና ብዬ ሳያት ፈገግ ብላ ዞር አለች። የማን ነው ብላ እንኳ አልጠየቀችም። እግዚአብሔር ያክብርልኝ!

ሐሳቡ የመጣው ከእናቴ ነው። የጠዋትና የማታ ኪኒኗ ይምታታባታል። "ሌሎች አረጋውያንን ጠይቂ፤ ስለ ሐሳብሽ ግን ትንፍሽ እንዳትይ። 'ትናንት ኪኒንዎን እንዴት ወሰዱ?' ብቻ በያቸው" አለችኝ መምህርቷ። ስንቱን ሰማሁ! ጽሑፉ አይታይም፣ ክዳኑ አልከፈት ይላል፣ የሁለቱ ኪኒን ቀለም አንድ ነው። ከካርቶን ፀሐይና ጨረቃ የተሳለበት ሣጥን ሠርቼ እናቴን ክፍል ድረስ ይዣት ሄድኩ። እማዬ በማይከፈተው በኩል ጎትታ ቀደደችው! መምህርቷ "እሰይ እማማ! ምን እንደምናስተካክል አሳዩን" ብላ አቀፈቻት። ሌላ ቦታ ቢሆን ይሳቅብን ነበር።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ብድር ወይ ባለሀብት ታገኝልኛለች ብላችሁ ከሆነ ግን አትድከሙ፤ ሥራዋ እሱ አይደለም። ሐሳብ ይዛችሁ ከየት ልጀምር የምትሉ ግን ሂዱ፣ ሂዱ፣ አሁንም ሂዱ።