አስም ላለበት ልጅ፦ ቡናው ውጭ ይፈላ ወይስ መስኮት ተከፍቶ?

ወሎ ውስጥ ቡና ያለ ዕጣን አይፈላም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ከሰሉም ዕጣኑም ይጨሳል። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ልጅ ካለስ?

መስኮት ከፍቶ ማፍላት ቀላሉ ነው። ጭሱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ደግሞ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። በሐምሌ ብርድ መስኮቱ ስንት ደቂቃ ይቆያል? አንድ እንግዳ «በረደን» ካለ አለቀ፣ ይዘጋል። ቀዝቃዛው አየር ራሱም የአንዳንዱን ልጅ አስም ይቀሰቅሳል። ዕጣኑ ቢቀር እንኳ ከሰሉ አለ። የማይታይና የማይሸት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ እሱ ደግሞ ለሁሉም አደጋ ነው።

በረንዳ ላይ ወይም ለብቻው ባለ ማድቤት ማፍላት ያደክማል። መመላለስ አለው፣ እውነት ነው። ግን የሚቆላው ቡና ጭስ፣ የሚቀጣጠለው ከሰል፣ ዕጣኑ፣ ሁሉም ልጁ ከሚተኛበት ክፍል ይርቃል። በሩ ካልተዘጋ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ነፋሱ መልሶ ያስገባዋል።

እኔ ውጭ ማፍላቱን እመርጣለሁ። የፈላውን ጀበና ይዞ ገብቶ መቅዳት ይቻላል። እማማ «ዕጣን የሌለው ምን ቡና ነው?» ካሉ፣ ውጭ ይጨስላቸው። ሐኪም ያዘዘው የሚሳብ መድኃኒት ግን ጭሱ ቀነሰ ተብሎ አይቋረጥም።