ስክሪፕቸራል ሪዝኒንግ፦ ለለዘብተኛው አማኝ ምን ያህል ይበጃል?

ስክሪፕቸራል ሪዝኒንግ አይሁድ፣ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ከየመጽሐፎቻቸው አጫጭር ክፍሎችን አብረው የሚያነቡበት የውይይት ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አይሁዳዊው ፒተር ኦክስ፣ ከአንግሊካኖቹ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ከዴቪድ ፎርድና ከዳንኤል ሃርዲ ጋር ጀመረው። በየርዕሱ የተሰናዱ ንባቦች በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። እዚህ የምመዝነው በአጥባቂ አማኞችና ሃይማኖት በማይከተሉ ዓለማውያን መካከል ቆሞ ለማስታረቅ ለሚሞክር ለዘብተኛ አማኝ ምን ያህል እንደሚበጅ ነው።

ትልቁ ጥንካሬው ተስማሙ አለማለቱ ነው። አጥባቂው አማኝ ከብዙ የሃይማኖት ውይይቶች የሚርቀው "ሁሉም መንገድ አንድ ነው" እንዲል የሚገፋፉት ስለሚመስለው ነው። እዚህ እምነቱን እንደያዘ ገብቶ እንደያዘ ይወጣል።

ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰው ይበቃል። ክፍሉ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ መጽሐፉ የእርሱ የሆነ ሰው በሁለት ሦስት ደቂቃ ዐውዱን ያስረዳል፤ ከዚያ ሁሉም ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠይቃሉ። ንባቡ ከአሥራ አምስት መስመር ከበለጠ ሰዎች ጽሑፉን ትተው ወደ ስብከት ይገባሉ። አጥባቂው ሌላ ጥቅስ ሲደረድር፣ ዓለማዊውም የሃይማኖት ጦርነቶችን ሲያነሳ፣ አወያዩ "ይህን እዚህ ከየትኛው ቃል አገኙት?" ብሎ ይመልሳቸው።

ለዘብተኛው የሚወድቀው ከባድ ጥቅስ ሲመጣ ነው። "ያ ለዚያ ዘመን ነው" ብሎ ሲያልፍ አጥባቂው ቃሉን እንደ ጣለ፣ ዓለማዊው ደግሞ የሚመቸውን ብቻ እንደሚመርጥ ይቆጥሩታል። የሚያዋጣው የቀደሙት እንዴት እንዳነበቡት ማሳየት ነው። ኦሪት ዘዳግም 21፥18-21 ዓመፀኛ ልጅ በድንጋይ ይወገር ይላል፤ የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት ውይይት በተሰበሰበበት በታልሙድ ግን (ሳንሄድሪን 71ሀ) እንዲህ ያለ ልጅ ኖሮም አያውቅ፣ አይኖርምም የሚል ድምፅ አለ። እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዞ የመጣ ለዘብተኛ አስታራቂ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የራሱ አቋም ይኖረዋል።

እውነተኛው ጉድለት ዓለማዊው የሚያቀርበው መጽሐፍ አለመኖሩ ነው፤ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀውን የሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ አንቀጽ 18 እንደ አራተኛ ንባብ መጨመር ይረዳል። ሃይማኖትን የመለወጥ መብት አጥባቂውን፣ እምነትን በአደባባይ የመግለጽ መብት ደግሞ "ሃይማኖት ከቤት አይውጣ" ባዩን ይፈትናል። ለዘብተኛውም ሁለቱን አንድ ላይ መከላከል ይችል እንደሆነ ይታያል።

ውሳኔ ለሚጠብቅ ጉዳይ ግን አይሆንም። ስለ ትምህርት ቤት ደንብ ወይም ስለ ሕግ ረቂቅ የሚከራከሩ ወገኖች ሌላ፣ ድርድር ያለበት መድረክ ያስፈልጋቸዋል።